ሐይቅ ድረስ ሄጄ ያመጣሁት ቆሮሶ፣ ከነድልሁ

ሰላም ናችሁ። ይሄን የምፅፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ውጫሌ፣ በቃ በዛ አካባቢ ላላችሁና አሳ ሙሉውን ቤት ውስጥ ጠብሳችሁ ለቤተሰብ እራት ማቅረብ ለምትፈልጉ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ውሃው ከሚወርደው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት አሳ ቤት አለች። ታፔላ የላትም፣ የሲሚንቶ ጠረጴዛዋን አይታችሁ ነው የምታውቋት። ሁለት ነገር ነው የምትሸጠው፣ የዛኑ ለት የወጣ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) እና ባለቤቷ ራሳቸው የሚያዘጋጁት ድልህ። እኔ ሁለቱንም ገዝቼ ለ11 ሰው እራት ሰርቼባቸዋለሁ፣ ስለዚ የምናገረው ከሞከርኩት ነው።

መጀመሪያ ለምን አሳ እንደሆነ ልንገራችሁ። አያቴ ክርስቲያን ናት፣ ሟች አያቴ ደሞ ሙስሊም ነበር፣ ልጆቻቸው እንደየልባቸው አደጉና አጎቴ የአባቱን፣ እናቴ የእናቷን ያዘች። ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ ብዙ ቤት እንዲህ ነው። ፍቅር አልጎደለንም፣ ወላሂ ምንም አልጎደለንም፣ ግን ሥጋ ሲመጣ ሁለት ድስት ነው፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ትሪ። በአመት በአል አጎቴ ከነልጆቹ ሲመጣ ለነሱ ለብቻ ይታረዳል፣ የሚያርደውም ሙስሊም ጎረቤት ነው፣ ከዛ እነሱ አንድ ጥግ እኛ አንድ ጥግ ሆነን እየተሳሳቅን እንበላለን። ልጆቹ ናቸው ግራ የሚገባቸው፣ የኔ ትንሿ ልጅ ባለፈው ፋሲካ ከአጎቷ ልጅ ትሪ ላይ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ እናቴ ቀስ ብላ መለሰቻት፣ ልጅቷም ምን አጠፋሁ ብላ አየችኝ። አሳ ግን መታረድ የለበትም። ቢስሚላህ ተብሎ ይሁን በስመአብ ተብሎ የተባረከ ቢላ አይጠይቅም፣ ከውሃ ወጣ በቃ። ስለዚ አንድ ትሪ ላይ ሁላችንም እጃችንን የምናስገባበት እራት ልስራ ብዬ ተነሳሁ።

ቀኑን ከፋሲካ በኋላ ሃምሳው ውስጥ ያለ ቅዳሜ አደረግኩት፣ ምክንያቱም በጾም አሳ የሚበላ አለ የማይበላ አለ፣ እናቴ ከማይበሉት ናት፣ ክርክር ውስጥ መግባት አልፈለግኩም። ሌላው ነገር አሳው ቆሮሶ መሆን ነበረበት። አምባዛ ብገዛ ሥጋው ይበዛል እሾሁም ያንሳል ግን ቅርፊት ስለሌለው እናቴም አያቴም አይነኩትም፣ እንደነሱ የሚሉ ብዙ ክርስቲያኖች አሉ፣ መፅሐፉ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ስለሚል። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ ሁሉም ይበላዋል።

ከዚህ በፊት ደሴ ውስጥ ካንድ ቦታ ገዝቼ ተቃጥያለሁ፣ ስሙን አልጠራም። ትኩስ ነው ተብዬ የወሰድኩት በረዶ ሆኖ የከረመ ነበረ፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ እንደ ሊጥ ሆነብኝ፣ እንግዳ ተጠርቶ እራቱ ሽሮ ሆነ። ያኔ በጣም ነው የከፋኝ። ስለዚ አሁን ቆርጬ ሐይቅ ድረስ ሄድኩ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የወልዲያን መንገድ ይዞ በሚኒባስ።

አሳ ቤቷ ጋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው የደረስኩት። ይሄን ሰዓት ያዙልኝ። አሳ አጥማጆቹ መረቡን ማታ ጥለው ንጋት ላይ ነው የሚያወጡት፣ ስለዚ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የምታገኙት ገና ውሃው ያልደረቀበት ነው። ባለቤቷ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው፣ እትዬ ነው የሚባሉት በሁሉም። እትዬ ትኩስ ነው ወይ ስላቸው በቃል አልመለሱልኝም፣ አንዱን አንስተው የጉንጩን ክዳን በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉና አሳዩኝ፣ ውስጡ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀይ ነበር። አይኑ ጎላ ብሎ የጠራ ነው። ሆዱን በጣቴ ተጫንኩት ወዲያው ተመለሰ። ሸተትኩት፣ የሐይቅ ውሃ ነው የሚሸተው እንጂ አሳ አሳ አይልም። ከዛ “አብሽሪ እህቴ፣ ያልወደድሽውን መልሺ” አሉኝና እኔው ራሴ እንድመርጥ ፈቀዱልኝ። ሌላ ቦታ እንዲህ አይደረግም እኮ፣ እነሱ ናቸው ከስር የሚያወጡላችሁ።

ሰባት ትላልቅ መረጥኩ። ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ከክንዴ መታጠፊያ እስከ መዳፌ ይሆናሉ። ዋጋውን አልፅፍም ምክንያቱም ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፣ በመብዛትና በማነሱ ነው፣ ግን የሚሸጡት በሚዛን ነው፣ ሚዛኑም ፊታችሁ ነው ያለው። የሥጋን ዋጋ የምታውቁ ሰዎች ስትሄዱ ደስ ይላችኋል።

ቅርፊት የሚያነሱ ሁለት ልጆች አሉ። አሰራራቸውን ቆሜ አየሁ፣ ጭራውን በጨርቅ ይይዙና በቢላው ጀርባ ከጭራ ወደ ራስ ይፍቁታል፣ ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም እየበረረ ፊታቸው ላይ ይለጠፋል። ሆዱን ሲከፍቱ ሐሞቱን አያፈርጡም፣ እዚህ ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ሐሞት ከፈረጠ ሙሉ አሳው ይመራል። አንድ ያልወደድኩት ነገር ግን የሆድ ውስጡን ጥቁር ስስ ሽፋን አያነሱትም። እሱ ሲቀር ለኔ ጣዕሙን ያበላሽብኛል። እኔ ቤት ገብቼ በጨውና በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ አወጣሁት፣ ክንፉ ስርም የቀረ ቅርፊት ነበረ። ስለዚ ልጆቹን “ጥቁሩንም አንሱልኝ” በሏቸው፣ ከተነገራቸው ያደርጉታል፣ ከኔ በኋላ የመጣች ሴት ስትነግራቸው አይቻለሁ።

አቀማመጡም ደካማ ነው። ፌስታል ውስጥ ነው የሚያደርጉላችሁ፣ በረዶ የላቸውም። ደሴ ብርድ ስለሆነ ለኛ ብዙ አያሰጋም፣ ለኮምቦልቻ ሰው ግን ከባድ ነው፣ ሙቀቱ አይምርም። እኔ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ያስበረድኳቸውን ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች በባልዲ ይዤ ሄጄ ነበር፣ አሳውን መሃላቸው አስቀምጬ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንኩት፣ ቤት ስገባ እንደወጣ ነው። በቴሌብር ትከፍላላችሁ ግን ኔትወርክ አንዳንዴ ስለሚጠፋ ጥሬ ብር ያዙ።

እዛው ተጠብሶም ይበላል። አንድ አዘዝኩ፣ ቁርስ አልበላሁም ነበር። ከአግዳሚው ላይ ሐይቁ ይታያል፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፎችም ከሩቅ፣ ያ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በልጅነታቸው ቆሮሶ ሐይቁ ውስጥ እንዳልነበረ አጫወቱኝ፣ እውነትም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው መጥቶ የተለቀቀው፣ አሁን ግን የሐይቅ ልጅ ስንቱ በሱ ይኖራል። ወደ ጥብሱ ልመለስ። አሳው ራሱ ግሩም ነው፣ ግን ድልሁን ከላይ አፍስሰውበት ነው የሚያመጡት፣ እስኪደርሳችሁ ቆዳው ይለሰልሳል። ለብቻ አድርጉልኝ ብሎ ማዘዝ ይሻላል።

ድልሁ ግን! ስለሱ ለብቻው መፃፍ ነበረብኝ። በማዮኔዝ እቃ ሞልተው ነው የሚሸጡት። ቀለሙ ወደ ቡኒ የሚሄድ ቀይ ነው፣ ሲከፈት መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርት ነው አፍንጫ የሚመታው፣ ቆየት ብሎ ኮረሪማው ይመጣል። በርበሬውን እሳቸው ራሳቸው ነው የሚያዘጋጁት፣ እርጥብ ሆኖ ይከርማል፣ ላዩ ላይ ዘይት ተንሳፍፎበታል። ሱቅ ከሚሸጠው ድልህ የሚለየው ማቃጠሉ ዘግይቶ መምጣቱ ነው፣ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከዋጣችሁ በኋላ ነው ጉሮሮ ላይ ሙቅ የሚለው። ጨው በዝቶበታል፣ ይሄን እወቁት፣ ወጡ ላይ ጨው ለብቻ እንዳትጨምሩ። ልጆቼም በቀጥታ አልቻሉትም፣ ለነሱ በቲማቲም አለሳልሼ ሰጠሁ።

አሁን አሰራሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጥሩ አሳ ገዝቶ ማበላሸትም አለ።

አሳዎቹን አጥቤ በንፁህ ጨርቅ ውስጡንም ውጪውንም አደረቅኳቸው። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ትልቁ ነገር ነው፣ ውሃ ያለበት አሳ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይፈነጥቃል፣ ቆዳውም ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከዛ በሁለቱም ጎን እስከ አጥንቱ ድረስ አራት አራት ቦታ ሰነጠቅኩ። በሎሚ፣ በጨውና በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት አሽቼ ግማሽ ሰዓት አቆየሁ፣ እንደገና ውሃ አወጣ፣ እንደገና አደረቅኩ። ስንጥቁ ውስጥ ሁሉ እየገባ ስስ የፍርኖ ዱቄት ነሰነስኩበት፣ ትርፉን ጭራውን ይዤ አራገፍኩ።

የኛ ቤት መጥበሻ ሙሉ አሳ አይዝም፣ ራስና ጭራው ጠርዝ ላይ ይወጣል። ሙስሊም ጎረቤታችን ሰፊ ብረት ምጣድ ነበራቸውና ተዋስኩ፣ ለአጎቴም ቤተሰብ ይሄ ልብ ያሳርፋል፣ የኛ መጥበሻ ብዙ ሥጋ አይቷል። ዘይት ከአንድ ሊትር ትንሽ አለፍ ያለ የሱፍ ዘይት ነው የተጠቀምኩት። ውድ ነው አውቃለሁ፣ ግን የረጋ ዘይት ሲቀዘቅዝ አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ኑግ ደሞ ሽታው የአሳውን ጣዕም ይወስዳል።

የመጀመሪያውን አሳ ቸኩዬ አበላሸሁት፣ ዘይቱ ሳይግል አስገብቼ ወዲያው ላገላብጠው ስል ቆዳው ምጣዱ ላይ ቀረ። ከዛ በኋላ የሽንኩርት ቁራጭ እየጣልኩ ሞከርኩ፣ ሽንኩርቱ ወዲያው ተንጣጥቶ ላይ ካልወጣ አሳው አይገባም። ከገባም በኋላ አትንኩት። በአንድ ጎን አምስት ስድስት ደቂቃ፣ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን ራሱ ከምጣዱ ይላቀቃል፣ ያኔ በሁለት ማንኪያ ደገፍ አድርጎ ማገላበጥ ነው። ሁለት ሁለት ብቻ፣ ሦስት ከሆነ ዘይቱ ይቀዘቅዛል።

ሦስተኛው ላይ መብራት ጠፋ። ከስቶቩ አንስቼ ከሰል ላይ አወጣሁት፣ ባሌ እያራገበ በስልክ መብራት ጨረስኩ። እውነቱን ልናገር ከሰሉ ላይ የተጠበሱት ናቸው የበለጡት፣ ሙቀቱ ምጣዱን ዳር እስከ ዳር ስለሚይዘው ጭራው ሳይቀር ኩርሽም ይል ነበር።

ለማባያው አምስት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላላሁ፣ ቡናማ እስኪሆን፣ መሃል ላይ እንዳያር ጠብ ጠብ እያደረግኩ ውሃ። ከዛ ከመጥበሻው ዘይት ሁለት ጭልፋ ጨመርኩ፣ አሳው የተጠበሰበት ዘይት ነው ጣዕሙን የሚያገናኘው። ከድልሁ ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ የተፈቀፈቀ ቲማቲም አራት። ድልሁ ስለበሰለ እንደ ደረቅ በርበሬ ረጅም ጊዜ አይፈልግም፣ ሩብ ሰዓት በቂ ነው፣ ዘይቱ ጎን ለጎን ሲወጣ ደርሷል። መጨረሻ ላይ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ጨው የለም፣ ቅድም ብያለሁ።

ትሪው ላይ እንጀራ አነጠፍኩ፣ ግማሹን ማባያ ከስር አሰጣሁ፣ ሰባቱን አሳ ራሳቸውን ወደ ዳር ጭራቸውን ወደ መሃል አድርጌ ደረደርኩ፣ የቀረውን ማባያ በሳህን መሃል አስቀመጥኩ። ከላይ አላፈሰስኩም። የፈለገ ያጠቅሳል፣ ቆዳውም ኩርሽም እንዳለ ይቆያል።

አያቴ መጀመሪያ ዝም ብላ አየች። አጎቴ እጁን ታጥቦ መጣና ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠ፣ እሱ ቢስሚላህ አለ እሷ አማተበች፣ ከዛ እጃቸው አንድ አሳ ላይ ተገናኘ። አጎቴ አሳ መብላት ይችልበታል፣ የጀርባውን ሥጋ በሁለት ጣት ገፋ አድርጎ ከራሱ እስከ ጭራው ያለውን አከርካሪ አንዲት ሳይሰበር መዥርጦ አወጣውና ትሪው ዳር አስተኛው፣ ልጆቹ ጮኹ። ከዛ ትናንሾቹን እሾሆች በጣቱ እየዳሰሰ እየለቀመ ለልጄ አጎረሳት፣ ያቺ ፋሲካ ላይ እጇን የመለስንባት ልጅ። አያቴ የአሳውን ራስ ወሰደች፣ የጉንጩን ሥጋ አውጥታ ለእናቴ አጎረሰች፣ ሁለተኛውን ጉንጭ ለአጎቴ። እሱና እናቴ አይን ለአይን ተያይተው ሳቁ። ሁለቱ ልጆቿ ካንድ አሳ ከእጇ ሲጎርሱ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ብዬ አሰብኩ፣ ሥጋ ላይማ አይሆንም። ወደ ጓዳ ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

የአጎቴ ሚስት ስለ ድልሁ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ከየት ነው፣ ምን ገባበት፣ ይሸጣሉ ወይ። የተረፈውን ይዛ ሄደች፣ በማግስቱ በምስር እንደሰራችበትና እንደወጣላት ደወለች። አሳው ግን አልተረፈም፣ ሰባት ለ11 ሰው፣ አምስቱ ልጆች ሆነው፣ ልክ ነበር፣ አዋቂ የሚበዛበት ቤት ከሆነ ግን ለሰው አንድ አስቡ።

እኔ ለአሳው ከ5 አምስት፣ ለድልሁ አራት ተኩል (ጨው ቢቀንሱለት አምስት ነው)፣ ለፅዳትና ለአያያዝ ሦስት ነው የምሰጣት። ለእትዬ ስለ ጥቁሩ ሽፋንና ስለ በረዶው በስልክ ነግሬያቸዋለሁ፣ “ልክ ነሽ ልጄ፣ ለልጆቹ እነግራለሁ” ብለውኛል። እሁድ ሰው ስለሚበዛ ከ4 ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ትናንሾቹ ብቻ ናቸው የሚቀሩት፣ ባለፈው አንድ ጎረቤታችን ለፍታ ሄዳ ባዶ እጇን ተመልሳለች። ባልዲና የቀዘቀዘ ውሃ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

አጎቴ ትላንት ደውሎ “መቼ ነው ደሞ?” አለኝ። በሚመጣው ቅዳሜ በኔ ቤት ሳይሆን በሱ ቤት ነው፣ አሳውን እኔ ነኝ የማመጣው፣ ዘጠኝ ለማዘዝ አስቤያለሁ፣ ድልሁንም ሁለት እቃ።